ለሞገድ የሚሆን ሰሌዳ አመራረጥ፤ በአርዲቦ ሐይቅ ምሳሌነት

«ለሞገድ የሚሆን» የሚል ቃል በዕቃ ዝርዝር ላይ ተጽፎ የተገኘ እንደ ሆነ፣ አስመጪው ነጋዴ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር «ለየትኛው ሞገድ?» የሚል ነው። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። የምንመረምረው ዕቃም በውጭ አገር ካይትቦርድ ተብሎ የሚጠራው ሰሌዳ ነው፤ ይኸውም ሰው በላዩ ቆሞ፣ ካይት በሚባል፣ በገመድ በተያዘ የነፋስ ሸራ እየተጐተተ በውሃ ላይ የሚሄድበት ነው። ውሃውን ሳያዩ ስለ ሰሌዳ መናገር፣ መንገዱን ሳያዩ የመኪና ጐማ እንደ መምረጥ ስለሚቈጠር፣ ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ በደቡብ ወሎ የሚገኘውን የአርዲቦን ሐይቅ መርጠናል።

ነገሩን እንዲህ አድርገን እንየው። በሐይቅ ከተማ አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ ለመክፈት ያሰበ አንድ ሰው ወደ አስመጪ ነጋዴ ዘንድ ሄዶ «ሐይቁ ከቀትር በኋላ ይናወጣልና፣ ለሞገድ የሚሆነውን ዓይነት አሥር ሰሌዳ ያስመጡልኝ» ይላል እንበል። ነጋዴውም ካታሎጉን ገልጦ «ለሞገድ» በሚለው ርእስ ሥር ከተዘረዘሩት መካከል በዋጋ ከፍ ያለውን ይመርጣል፤ ውድ የሆነው ይሻላል ብሎ ነውና አይፈረድበትም። ዕቃው በደኅና ይደርሳል፤ ቀለሙ ያማረ፣ ሥራውም የጠነከረ ነው። ነገር ግን በሐይቁ ላይ በተሞከረ ጊዜ ጀማሪው ሊቆምበት አይችልም፤ የለመደውም ቢሆን ደስ ሳይለው ይመለሳል። በዚህ ነገር ፋብሪካው አልዋሸም፤ ደንበኛውም አልዋሸም። ሁለቱ ሞገድ ብለው የጠሩት ነገር ግን አንድ አልነበረም። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በእኛ አቈጣጠር ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፣ እንደዚህ ያለው አለመግባባት በነጋዴው ኪስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይሆንም።

በካይት መጐተት ራሱ የቆየ ሐሳብ ነው። ጆርጅ ፖኮክ የተባለ እንግሊዛዊ የትምህርት ቤት መምህር በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1826 በካይት ለሚጐተት ሠረገላ የፈጠራ መብት አውጥቶ ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) በውሃ ላይ ወድቆ እንደገና ሊነሣ የሚችለውንና በአየር የሚነፋውን ሸራ የፈጠሩት ግን ሁለቱ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ ናቸው፤ መብቱንም ያስመዘገቡት በ1984 ነው። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ጊዜ፣ በማርሴይ የባሕር ዳርቻ በተደረገው የመርከብ ሸራ ውድድር፣ ካይት ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ ወንዶችም ሴቶችም ተወዳድረውበታል። ታሪኩ ለነጋዴው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

ይልቁንስ ከአገራችን ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ አለ፤ ለላኪዎችም ለአስመጪዎችም የሚጠቅም ስለ መሰለን በመጠኑ ሰፋ አድርገን እናወራዋለን። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብጻውያን በደንገል ታንኳ ውቅያኖስን ሊያቋርጡ ይችሉ እንደ ነበረ ለማሳየት በ1969 «ራ» የተባለች ታንኳ አሠራ። ደንገሉ ከጣና ሐይቅ ተቈርጦ የተላከ ነበር። ታንኳይቱን የሠሩት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በገዛ ሐይቃቸው የተመሰገኑ ነበሩ፤ ዳሩ ግን የቻድ ሐይቅ ሞገድ አጭር ነውና፣ በጥንቱ የግብጽ ሥዕል ላይ የሚታየውን፣ የታንኳዋን የኋላ ጫፍ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘውን ገመድ አስፈላጊ አድርገው አልቈጠሩትም። «ራ» ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሥታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ፣ የኋላዋ ጫፍ እየሰመጠና ውሃ እየገባባት ስለ ሄደ፣ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በተቃረበች ጊዜ መንገደኞቹ ትተዋት ሊወጡ ግድ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በ1970 «ራ ሁለተኛ» የተባለችው ተሠራች። ደንገሏ አሁንም ከኢትዮጵያ የሄደ ሲሆን፣ ሠሪዎቿ በደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የቦሊቪያ ሰዎች ነበሩ። ይህችኛዋ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ደንገሉ የአንድ አገር ደንገል ነበር። ልዩነቱ በቅርጹና በአሠራሩ ነው። የጣና ታንኳ ሠሪ የታንኳውን አፍንጫ ወደ ላይ ቀልብሶ የሚያስረው ሞገዱን እንዲወጣበት እንጂ እንዲወጋው ስላልፈለገ ነው። የካይት ሰሌዳ ፋብሪካዎች ሮከር የሚሉት ቅልብሰት ይኸው ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ነጋዴዎች ስሙ እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ አርዲቦ እንመለስ። አርዲቦ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሐይቅ ከተማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ በተራሮች መካከል ያለ ሐይቅ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፤ ስፋቱ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ከ60 ሜትር በላይ ነው። ከእርሱ የሚወጣው የአንከርካ ወንዝ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ትልቁ የሐይቅ ሐይቅ ይወርዳል። ትልቁ ሐይቅ በእስጢፋኖስ ገዳም የታወቀና የተከበረ ስለ ሆነ፣ በገዳሙ አካባቢ ባለው ውሃ ላይ የሸራ ጨዋታ ማሰብ ተገቢ አይመስለንም፤ አርዲቦን የመረጥንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የሞገድ መጠን የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም የነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ የሚቈይበት ጊዜና ነፋሱ በውሃው ላይ ሳይቋረጥ የሚሮጥበት ርቀት ናቸው። በሐይቅ ላይ ነገሩን የሚቈርጠው ሦስተኛው ነው። በአርዲቦ ነፋሱ የሚሮጥበትን ርቀት 5 ኪሎ ሜትር፣ የነፋሱንም ፍጥነት በሴኮንድ 10 ሜትር (በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር) ብናደርገው፣ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ሒሳብ መሠረት የሞገዱ ቁመት 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለው ርቀት ደግሞ 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ሥፍራ ላይ ሞገዶቹ እየተከታተሉ የሚያልፉትም በ2.3 ሴኮንድ ልዩነት ነው። ይኸው ነፋስ በጣና ላይ ከዳር እስከ ዳር 60 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ፣ ሞገዱ 1 ሜትር ያህል ከፍታ ሊያገኝ ይችላል። በውቅያኖስ ላይ፣ ከሩቅ አገር ማዕበል ተነሥተው በ10 ሴኮንድ ልዩነት የሚመጡ ሞገዶች ግን በጥልቁ ውሃ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 156 ሜትር ይረዝማሉ።

የካታሎጉ «ለሞገድ» የሚለው ቃል የተጻፈው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። የውቅያኖስ ሞገድ ወደ ዳር ቀርቦ በሚሰበርበት ጊዜ ረጅም ቁልቁለት ይሠራል፤ ሰውየውም ሸራውን አላልቶ፣ እንደ ተራራ ቁልቁለት በሞገዱ ፊት ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ለእኛ ቀረብ ያለው የታወቀ ሥፍራ፣ በኬንያ ጠረፍ ያለው ዲያኒ፣ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያ የባሕሩ ዛጎል ድንጋይ የሠራው ግድብ አለ። ከግድቡ ወዲህ ውሃው ዝርግ ነው፤ ሞገድ ፈላጊው ወደ ግድቡ ይሄዳል፤ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነፋስ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት የተለያየ ሰሌዳ ይዘው ይወጣሉ።

በአርዲቦ ላይ ግን ሞገዱ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ሰሌዳው በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ሞገዱ ሰውየውን አይሸከመውም፤ ሰውየው ሞገዱን እየቀደመ ያልፈዋል። ነፋሱን በመጠኑ ተቃርኖ ወደ ተነሣበት ዳር በሚመለስበት ጊዜም፣ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ያህል ከሞገድ ጋር ይጋጫል። በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜ ማለት ነው። እንግዲህ በአርዲቦ የሚፈለገው ሰሌዳ ሞገድ የሚጋልብ ሳይሆን የሞገድን ምት የሚችልና ጉልበትን የሚያሳርፍ ነው። የትምህርታችን ዋና ነገር ይህ ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ይህን ለማረጋገጥ አስመጪው ከአዲስ አበባ መነሣት አያስፈልገውም። ደንበኛው ነፋስ ባለበት ከቀትር በኋላ፣ ከዳር ጥቂት ገባ ብሎ አንድ እንጨት ይትከል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሞገድ በእንጨቱ ላይ እንዳለፈ ይቍጠርና በስልክ ይንገረው። 60ን ለዚያ ቍጥር ቢያካፍሉት በሁለት ሞገዶች መካከል ያለው ሴኮንድ ይገኛል። ያንን ሴኮንድ በራሱ አባዝተው ውጤቱን እንደገና በ1.56 ቢያባዙት፣ በጥልቁ ውሃ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት በሜትር ይወጣል። 26 ሞገድ ተቈጠረ ቢባል መልሱ 8 ሜትር ያህል ነው። በእኛ አስተያየት ልዩነቱ ከ4 ሴኮንድ በታች በሆነበት ውሃ ላይ፣ ለሞገድ ተብሎ የተሠራውን የባሕር ሰሌዳ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሰሌዳዎቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ትዊንቲፕ የሚባለው ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ አንድ ዓይነት ስለ ሆኑ ሰውየው ሳይዞር ወዲያና ወዲህ ይሄድበታል። ቀጭን ነው፤ ውስጡ እንጨት፣ ላዩ ፋይበርግላስ ነው፤ እግር የሚገባበት ማሰሪያም አለው። ሁለተኛው አፍንጫና ጅራት ለይቶ ያለው፣ ከሞገድ ሰሌዳ ከሰርፍ የተወለደው ነው። ውስጡ ፎም ስለ ሆነ ወፍራም ነው፤ ይንሳፈፋል፤ በካታሎግ ላይ «ለሞገድ» የሚባለውም እርሱ ነው። ሦስተኛው ፎይል ይባላል፤ ከሥሩ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ምሰሶና በምሰሶው ጫፍ ላይ ክንፍ ስላለው፣ ፍጥነት ባገኘ ጊዜ ሰሌዳው ራሱ ከውሃው በላይ ይነሣል።

ፎይል በወረቀት ላይ ሲታይ ለአርዲቦ የተፈጠረ ይመስላል። በትንሽ ነፋስ ይሄዳል፤ አጭሩ ሞገድም ከሥሩ ስለሚያልፍ ሰውየውን አይመታውም፤ የሐይቁም ጥልቀት በቂ ነው። ቢሆንም እኛ አንመክረውም። በአርዲቦ ላይ ቆሮሶ እያጠመዱ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ሰዎች አሉ፤ መረባቸውም በውሃው ውስጥ ተዘርግቶ ያድራል። የፎይል ምሰሶና ክንፍ እንደ ቢላዋ የሰላ ነው። አንድ መረብ ቢቈረጥ ለእንግዳው ተራ ነገር ነው፤ ለዓሣ አጥማጁ ግን የወር ቀለብ ነው። ሰውየው በዚያ ፍጥነት በመረብ ቢያዝም የሚደርስበት አደጋ የከፋ ነው። ፎይል ለማስመጣት የሚፈልግ ቢኖር፣ ከካታሎጉ በፊት ዓሣ አጥማጆቹን ያነጋግር፤ መረብ የማይዘረጋበት ሥፍራና ሰዓትም በስምምነት ይወሰን። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ስምምነት ለሌሎቹም ሰሌዳዎች ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው። ለአርዲቦ ዋናው ሰሌዳ ትዊንቲፕ መሆን አለበት ብለን እናምናለን። ጀማሪ የሚማረው በእርሱ ነው፤ አይሰበርም፤ ክንፎቹ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆኑ በመረብና በሣር የመያዛቸው ዕድል ያንሳል። የሰርፍ ሰሌዳ ክንፍ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሚሆን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ከትዊንቲፕም መካከል ምርጫ አለ። ቅልብሰቱ ያነሰ፣ ዝርግ የሆነው፣ በትንሽ ነፋስ ቶሎ ይነሣል፤ ነገር ግን አጭሩን ሞገድ እንደ ጠረጴዛ ይመታዋል። ቅልብሰቱ የበዛው ምቱን ይችላል፤ ሆኖም ውሃውን ስለሚገፋ ብርቱ ነፋስ ይፈልጋል። እንጨቱ እምቢ የሚል ድርቅ ያለ ሰሌዳ ለሚዘል ጐበዝ ይመቻል፤ ለተራው ሰው ጉልበት ግን ጠላት ነው። ለሞገዱ ሲባል ብቻ ቢሆን ቅልብሰቱ በዛ ያለውን በመረጥን ነበር፤ ነገር ግን በወሎ ደጋ ላይ አንድ ሌላ ነገር ይገባል፤ እርሱም የአየሩ መሳሳት ነው።

ካይት የሚጐትተው በአየር ክብደት ነው። በ2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አየር፣ በባሕር ወለል ካለው ጋር ሲመዛዘን፣ ክብደቱ 81 በመቶ ያህል ነው። በአንድ ዓይነት ነፋስ የሚገኘው የመጐተት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዲያኒ ጠረፍ 9 ካሬ ሜትር ሸራ ይበቃው የነበረ ሰው፣ በአርዲቦ ላይ በእኩል ነፋስ 11 ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል፤ 12 የሚበቃውም ወደ 15 ይጠጋል። ፋብሪካዎች በዕቃው ላይ የሚለጥፉት የነፋስና የክብደት ሠንጠረዥ ለባሕር ዳርቻ የተዘጋጀ ነውና፣ ነጋዴው እንዳለ ገልብጦ ለደንበኛው ቢሰጥ ያሳስተዋል። ይህን ሠንጠረዥ ለደጋ አስተካክሎ በአማርኛ የሚያትም አስመጪ ቢገኝ፣ ከዋጋ ቅናሽ ይልቅ ደንበኛን የሚያመጣለት ይመስለናል።

ሸራው ሲሳሳ ሰሌዳው መስፋት አለበት። ስለዚህ በአርዲቦ የሚስማማው መካከለኛ ቅልብሰት ያለው፣ ጫፎቹ በመጠኑ የሚታጠፉ፣ በመጠኑም ካታሎጉ ከሚያዘው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ትዊንቲፕ ነው። በባሕር ዳርቻ ልማድ ከ55 እስከ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 133 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ለሚመዝን ከ136 እስከ 139፣ ከ85 ኪሎ በላይ ለሆነ ደግሞ ከ140 እስከ 145 ይሰጣል። እኛ በእያንዳንዱ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሳንቲ ሜትር ወርድ እንጨምራለን። ለጀማሪ ከዚህም በላይ ቢጨመር አይከፋም። ነፋሱ ከተራሮቹ መካከል እየተቈራረጠ በሚመጣበት ሥፍራ፣ ሰፊ ሰሌዳ በነፋሱ ዕረፍት ጊዜ ሰውየውን ይዞ ያቈየዋል፤ ጠባቡ ግን ወዲያው ይሰምጥበታል።

ልምድ ያለው እንግዳ ቢመጣና የሰርፉን ዓይነት አጥብቆ ቢጠይቅ፣ አንድ ብቻ ይቀመጥለት። በዝርዝሩ ላይ «ለትንሽ ሞገድ» ከሚባለው ወገን፣ ርዝመቱ 5 ጫማ ከ8 ኢንች (173 ሳንቲ ሜትር) ያህል፣ አፍንጫው ሰፋ ያለ፣ ሆዱ ዝርግ፣ ጅራቱም ያልሾለ ይሁን። ሹል ጅራት ትልቅና ፈጣን ሞገድን ለመንከስ የተሠራ ነው፤ በአርዲቦ የሚነክሰው አያገኝም። የሰሌዳው መጠን በሊትር ሲጻፍ ነጋዴው እንዳይሳሳት። 25 ሊትር የሚል ሰሌዳ በሐይቅ ውሃ ላይ የሚያነሣው የራሱን ክብደት ጨምሮ 25 ኪሎ ብቻ ነው። ሰውን ቆሞ ሳለ አያንሳፍፍም፤ ነፋሱ በላላ ጊዜ ግን ቶሎ እንዳይሰምጥ ይረዳል። የክንፎቹም አገባብ ኤፍ ሲ ኤስና ፊውቸርስ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች እንዳሉት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ክንፍ በሌላው ቀዳዳ አይገባምና፣ መለዋወጫ ሲታዘዝ የቀዳዳው ዓይነት በጽሑፍ ይገለጽ።

ሰሌዳ ብቻውን አይሸጥም። ነፋሱ በድንገት የቆመበት ሰው በ60 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከሁለቱም ዳር አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ የራስ ቍር፣ ገመዱን በአንድ ምት የሚፈታ መክፈቻ፣ በዳርም ተጠባባቂ ታንኳ ከነቀዛፊው ከሰሌዳው ጋር በአንድ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ። ቀዛፊው ከዓሣ አጥማጆቹ ወገን ቢሆን ከላይ ያነሣነው ስምምነትም ይቀላል። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ሲጠቍርና ነጐድጓድ ሲሰማ ሸራ ፈጽሞ አይነሣም፤ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝም እርጥብ ገመድ ወደ ሰማይ ዘርግቶ መቆም መብረቅን እንደ መጥራት ነው። ይህን ማስጠንቀቂያ በዕቃው ላይ በአማርኛ ጽፎ መለጠፍ የሻጩ ፋንታ ነው እንላለን።

ስለ ጉምሩክ ጥቂት እንበል። በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ፣ የውሃ ስፖርት ዕቃዎች በ95.06 ሥር ይመደባሉ፤ ሸራ የተተከለበት ሰሌዳ በ9506.21፣ የሰርፍ ሰሌዳና ሌሎች ደግሞ በ9506.29 ናቸው። የካይት ሰሌዳ ሸራው ከሰሌዳው ጋር የተተከለ ስላልሆነ፣ በፋክቱሩ ላይ «የሸራ ሰሌዳ» ተብሎ በደፈናው እንዳይጻፍ መጠንቀቅ፣ ዕቃው ሳይነሣም የጉምሩክ ኮሚሽንን አስተያየት መጠየቅ ያሻል። ሰሌዳውና ሸራውም በየራሳቸው መስመር ይጻፉ።

አሥር ሰሌዳ ያዘዘው ደንበኛችን የእኛን ምክር ቢጠይቅ ኖሮ፣ በመጀመሪያ አራት ብቻ እንዲያመጣ በነገርነው ነበር፤ 136፣ ሁለት 141፣ አንድም 148 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ትዊንቲፖች። ከእነርሱም ጋር ሁለት ሙሉ የመለዋወጫ ክንፍ፣ ሁለት ጥንድ የእግር ማሰሪያ፣ ኤም 6 የሚባለው የማይዝግ ቡሎን ከሃምሳ የማያንስ። በገጠር ሥፍራ አንድ ቡሎን ጠፍቶ ሰሌዳ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ በሌላው መሣሪያ ሁሉ የምናየው ነገር ነው። የሰርፉ ሰሌዳ በሁለተኛው ዙር፣ ጠያቂ ሲገኝ ይታሰባል።

ያን የሰርፍ ሰሌዳ የሚያስመጣ ነጋዴ ግን አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ፋብሪካው ሰሌዳውን በባሕር ዳር ሲዘጋው በውስጡ የቀረው አየር የባሕር ዳር አየር ነው፤ ግፊቱም 1,013 ሚሊባር ገደማ ነው። ዕቃው ከጅቡቲ ተነሥቶ አርዲቦ ሲደርስ የውጭው ግፊት ወደ 780 ሚሊባር ይወርዳል። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ2 ቶን በላይ የሆነ ኃይል ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ቀላል ፎም ያለው ሰሌዳም በፀሐይ ከጋለ ቆዳው ይነፋል፤ ከፎሙም ይላቀቃል። በአውሮፕላን ቢመጣም ነገሩ ያው ነው። እንደዚህ ያሉ ሰሌዳዎች በጀርባቸው ላይ ትንሽ የአየር መተንፈሻ ቡሎን አላቸው። አንዳንዱ በራሱ ይተነፍሳል፤ አንዳንዱ ግን በእጅ የሚከፈት ነው። በእጅ የሚከፈተው ከሆነ፣ ላኪው ፋብሪካ ቡሎኑን አላልቶ እንዲያሽገው በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ ይጻፍ፤ ዕቃው መጋዘን ሲገባም በመጀመሪያ የሚታየው ይህ ቡሎን ይሁን። ሐይቁ ዳር ሲደርስ ደግሞ፣ ሰሌዳው ውሃ ሳይነካው በፊት ተመልሶ መጥበቁን አንድ ሰው በእጁ ይፈትሽ።